አይ፣ ጠግቤያለሁ

ትርንጎ ሦስት ዓመት ሊሞላት አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት የምዘና ጥሪዋ ደረሰ። እንደ ማንኛውም የመንግሥት መልእክት በሳሎኑ ግድግዳ በኩል ነው የመጣው። መጀመሪያ አጭር የዋሽንት ድምፅ፣ ቀጥሎ የሕፃናት ምዘና ጣቢያው ዓርማ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው የሚያውቃት ያቺ ለስላሳ የሴት ድምፅ፦ «ልጃችሁ ትርንጎ አንዳርጌ የሠላሳ ስድስተኛ ወር ምዘናዋን የፊታችን ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ታደርጋለች። እባካችሁ በልታ፣ በቂ እንቅልፍ ተኝታና ደስ ብሏት ትምጣ።»

«ደስ ብሏት ትምጣ?» አለ አንዳርጌ። «ደስታውንም እኛው አዘጋጅተን እንድናመጣ ነው?»

ሚስቱ ወለላ አልሳቀችም። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን ማበጠር ቀጠለች።

አንዳርጌ ጦሳ ተራራ ላይ የጉም መረብ ጠጋኝ ነው። ደሴ ውኃዋን ከጉም መጠጣት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ከተራራው ጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረውን መረብ ነፋስ በቀደደው ቁጥር የሚሰፉት እሱና ባልደረቦቹ ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። ወለላ ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ቤት የምትገባው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ስለዚህ ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ጎረቤታቸው ሰዓዳ ዘንድ ትቆይና ከሰዓት በኋላ የአባቷ ናት። የሚያበላት እሱ፣ የሚያጥባት እሱ፣ ሥርዓት የሚያስተምራትም እሱ ነው። ነገር ሁሉ የተበላሸው በዚህ በመጨረሻው በኩል ነው።

ልጆች ሁሉ አንገትጌያቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ቆጣሪ ይሰፋላቸዋል። ቆጣሪዋ ልጁ በቀን የተናገረውን ቃል ትቆጥራለች፤ ራት ከመቅረቡ በፊት ግድግዳው ይናገራል። «ዛሬ ትርንጎ አምስት መቶ ሰባ ቃል ተናግራለች። ከሚጠበቀው በሠላሳ ያንሳል።» ያኔ ወላጅ ሁሉ ልጁን ፊቱ አስቀምጦ የጎደለውን ቃል መልቀም ይጀምራል። ይሄ ምንድነው፣ ላም ምን ትላለች፣ በግ ምን ትላለች፣ ጫማሽ የት አለ። በዚያ ሰዓት በሰፈሩ የሚያልፍ ሰው ከየቤቱ የላምና የበግ ጩኸት ይሰማል፤ በሰፈሩ ግን አንድም ከብት የለም። ቃሉ ሲሞላ ግድግዳው «እናመሰግናለን» ይላል፤ ራት ይቀርባል።

የሠላሳ ስድስተኛው ወር ምዘና ግን በቤት የሚያልቅ ነገር አይደለም። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ «በወቅቱ» ወይ «የዘገየች»። በወቅቱ የተባለች ልጅ በሰፈሯ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች። የዘገየች የተባለችው ማድረሻ ወደሚባል ቤት ትወሰዳለች። ማድረሻ ቆላ ነው፤ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ። እዚያ አሥራ ስምንት ወር ትቀመጣለች፤ ወላጆቿ እሑድ እሑድ ለሩብ ሰዓት በግድግዳ ያዩዋታል። ልጅን የሚያዘገየው ያደገበት ቤት ነው ተብሎ ስለሚታመን ከቤቱ መራቁ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ማንም በክፋት አያደርገውም። በኋላ አንዳርጌን እጅ እግሩን ያሰረው ይኸው ነው፤ የሚጣላው ሰው አጣ።

የሰዓዳ ልጅ ሀያት ከማድረሻ የተመለሰችው ባለፈው ዓመት ነው። ጎበዝ ሆና ነው የመጣችው። የሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ትጨብጣለች፣ ጫማዋን በመስመር ትደረድራለች፣ እስከ ሁለት መቶ ትቆጥራለች። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ሰዓዳ እጇን ዘርግታ ስትሮጥ ልጅቷ በአጠገቧ አልፋ ቤት ገባችና ግድግዳው ፊት ቆማ አለቀሰች። ግድግዳው «አይዞሽ ሀያት» እስኪላት ድረስ ዝም አላለችም። ሰዓዳ ይህን ለወለላ የነገረቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወለላ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጥሪ ስትፈራ ኖራለች።

አንዳርጌ አልፈራም። ለምን ይፈራል? ትርንጎ በእናቱ ስም የተጠራች ልጅ ናት፤ እናቱ እሱን እንዳሳደገችው ነው ያሳደጋት።

«የሰው ቤት ስትሄጂ ጨዋ ሁኚ፤ የሰው እጅ አይታይም» ይላታል። «አንዴ ሲሰጡሽ ምን ትያለሽ?»

ትርንጎ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ታደርግና ዓይኗን መሬት ላይ ትጥላለች። «አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ደግመው ሲሰጡሽስ?»

«አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ሦስተኛ፣ አፈር ስሆን ብለው ሲለምኑሽ?»

ያኔ ፊቷ ይፈካና ሁለት እጇን ገጥማ ትዘረጋለች።

በዚያ ሰፈር የሚሰጥ ሰው ይለምናል፣ የሚቀበል ሰው ይግደረደራል። አንዴ ሲሰጧት ዘላ የምትቀበል ልጅ አሳዳጊ የበደላት ትባላለች፤ ስድቡ ለልጅቷ ሳይሆን ለአባቷ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ይህን ጥንቅቅ አድርጋ የያዘች ልጅ ከትርንጎ ሌላ አልነበረችም። ሰዓዳ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዳቦ ትዘረጋላትና «እስቲ እዩልኝ! ወላሂ እንደ ትልቅ ሰው እኮ ነው የምትግደረደረው!» ትላለች። አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

እና ቅዳሜና እሑድን በልምምድ አሳለፉ። ብርቱካን ይዘረጋላታል፤ ትግደረደራለች፤ ይለምናታል፤ ትቀበላለች። እሑድ ማታ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረባትም።

ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያው ውስጥ አባትና ልጅ ወደ አንድ ነጭ ክፍል ገቡ። መዛኟ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ስሟ በወረቀት ላይ ሌላ ቢሆንም ሰው ሁሉ «አክስት» ይላታል። ከወገቧ በላይ ብቻ የተሠራች ማሽን ናት፤ ፊቷ ደግ ነው፤ እጆቿ ሙቀት አላቸው። ወላጅ ከቢጫው መስመር ወዲህ ይቀመጣል። መናገር፣ መሳል፣ ራስ መነቅነቅ ክልክል ነው፤ ወላጅ ድምፅ ካሰማ ምዘናው ወላጅ ያበላሸው ተብሎ ልጁ እንደ ዘገየ ይቆጠራል።

«ሰላም ትርንጎ!» አለች አክስት። «ተመልከቺ፣ ብርቱካን አለኝ። ትፈልጊያለሽ?»

ትርንጎ እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች፤ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ጣለች። «አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እሺ!» አለች አክስት፤ ብርቱካኑን ከጠረጴዛው ሥር አስገባችው።

ትርንጎ ቀና ብላ ብርቱካኑ የነበረበትን ቦታ አየች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ አክስት ኳስ አወጣች፤ ኳሱም አንዴ ተዘርግቶ አንዴ ተመለሰ። አሻንጉሊቷም እንደዚያው። «ዓይኔን እዪኝ ትርንጎ» ስትባል ይበልጥ አቀረቀረች፤ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን አይታይማ። ስሟን ስትጠየቅ በሹክሹክታ ተናገረች። ከመስመሩ ወዲህ አንዳርጌ በኩራት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ባየቻት ብሎ አሰበ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወለላ ማታ ገና በሩን ስትከፍት «አኮራችን!» አላት። «አንዲት ነገር እንኳ ዘላ አልተቀበለችም። ብርቱካኑን ሳይቀር! አንቺ፣ እኔ እንኳ ቋምጬ ነበር።»

«ኧረ ተው» አለች ወለላ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

ከራት በፊት ዋሽንቱ ተሰማ። «ትርንጎ አንዳርጌ፦ የዘገየች። ከዘጠኝ መለኪያዎች በአምስቱ ፍላጎት አልታየባትም። ሁለተኛውና የመጨረሻው ምዘና ከዘጠና ቀን በኋላ ይሆናል። አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።»

ወለላ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ አለች። አንዳርጌ ግድግዳው ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ቆሞ ጠበቀ። ግድግዳው የቀረውን የዕለቱን ቃል ጠየቀ፤ ሃያ ሁለት ይጎድል ነበር።

በማግስቱ መረቡን ትቶ ወደ ጣቢያው ሄደ። የመስኮቷ ጸሐፊ ዘቢደር የምትባል ወጣት ናት፤ ሰው አክባሪና ፊቷ የማይጠቁር። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችው።

«ገባኝ ጋሼ» አለች። «እኔም እኮ እንደዚያው ነው ያደግሁት። ግን አክስት አንዴ ነው የምትጠይቀው። ልኬቷ ከሰባ ሁለት አገር ልጆች የተሰበሰበ ነው።»

«ከሰባ ሁለቱ አንዷ እኛ ነን?»

ዘቢደር ወደ መዝገቧ ዞረች። «በሚቀጥለው ዙር ይባላል።»

«ታዲያ እታለም፣ ልጄ እኮ ፈልጋለች። ብርቱካኑን ምን ያህል እንደፈለገችው እኔ አባቷ አውቃለሁ። እንድትለመን ነው የጠበቀችው።»

«ይጻፉት ጋሼ። ቅሬታ መቀበያው ይኸው። ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሰው ያነበዋል ይላሉ።» ቀጥሎ ድምጿን ቀነስ አደረገች። «እንደ ልጅዎ ልንገርዎት? ደብዳቤውን ይጻፉ፤ ግን እሱን ተማምነው እንዳይቀመጡ። ሦስት ወር አለዎት። ያስለምዷት። ሲሰጧት ትቀበል።»

አንዳርጌ ደብዳቤውን ቆሞ ጻፈ፤ ሁለት ገጽ ሞላ። በእኛ ዘንድ የጨዋ ልጅ ምልክቱ ይህ ነው ብሎ አስረዳ። ሦስት ጊዜ ጠይቋት፣ አፈር ስሆን በሏት፣ ያኔ ታያላችሁ ብሎ ለመነ። ማታውኑ በግድግዳው መልስ መጣ። «አስተያየትዎን ተቀብለናል፤ ለሚቀጥለው ማሻሻያ እንጠቀምበታለን።» ወለላ «ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውሃል ማለት ነው» አለች። እሱም እንደዚያው መሰለው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የገዛ እጁን ሥራ ማፍረስ ጀመረ።

ዘዴው ቀላል ነበር፤ አለመለመን ነው። ከሰዓት በኋላ መክሰሷን ይዘረጋላታል። «ትፈልጊያለሽ?» ትርንጎ እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች። «አይ፣ ጠግቤያለሁ።» «እሺ» ይልና ዳቦውን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። በመጀመሪያው ቀን ጨዋታ መስሏት ሳቀች። በሁለተኛው ቀን ቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችው። በሦስተኛው ቀን፣ «አባባ፣ ሁለተኛውን እኮ አልጠየቅኸኝም» አለችው። ወደ ግቢ ወጥቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ፤ ሲመለስም አልጠየቃትም። ልጅቷ መክሰስ ሳትበላ ዋለች።

ወለላ ሰዓዳ ነግራት ሰማች። «ልጄን በረሃብ እየቀጣህ ነው ወይ?»

«ማድረሻ ከምትሄድ መክሰስ ቢቀርባት አይሻልም?»

«ምን ብላ ታስባለች? አባቴ ጠላኝ ነው የምትለው እኮ!»

ልክ ናት። እሱም ራሱን ጠልቶ ነበር። ግን ዘጠናው ቀን እየተበላ ነው፤ ሰባ አምስት፣ ስድሳ፣ ሃምሳ ሁለት። ሰዓዳንም አስማላት፤ ልጅቷ ከተግደረደረች እንዳትለምናት። ሰዓዳ ቁርኣን ላይ እጇን ጭና ከማለች በኋላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በአርባ አንደኛው ቀን ትርንጎ ገባት። አንዳርጌ ገና «ትፈ...» ሲል ዳቦው ከእጁ ወጣ። ግድግዳ ጥግ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ እየተስገበገበች በላች። የሠራው ሠራለት፤ ደስ ግን አላለውም።

በሰባኛው ቀን አካባቢ ሰዓዳ ቤት እንደ ክርስትና እናት የሚወዷት እንግዶች መጥተው ሳሉ፣ ትርንጎ ከሰሐኑ ላይ ሁለት ብስኩት በሁለት እጇ አፈሰች። ያን ጊዜ ያፈጠጠችባቸው ዓይን የሀያትን ዓይን ይመስል ነበር። አንዷ አሮጊት «አይ ልጅ...» ብላ ቀሪውን ዋጠችው። ልጅቷን ሊወስድ በር ላይ ለቆመው ለአንዳርጌ የጎደለውን ቃል ማንም ሊነግረው አላስፈለገም፤ አሳዳጊ የበደላት። አንዳርጌ ፊቱ በእፍረት ተቃጠለ፤ በልቡ ግን አሁን ታልፋለች አለ።

ዘጠናኛው ቀን ሰኞ ዋለ። ወለላ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ አብራ ሄደች፤ ወደ ክፍሉ መግባት የሚፈቀደው ግን ለአንድ ወላጅ ነው። ዘቢደር ከመስኮቷ ጀርባ ሆና በጣም ደስ ብሏት እጇን አውለበለበችለት፤ አንድ ነገር ልትነግረው የፈለገች ትመስል ነበር። ከኋላው ሰልፍ ስለነበረ ቆሞ አልሰማትም።

ክፍሉ ተለውጧል። ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። አክስት ነጠላ ጣል አድርጋለች። ከጠረጴዛው ላይ ያለው ብርቱካን ሳይሆን በቆንጆ ሰፌድ የቀረበ የተቆረሰ ትኩስ ዳቦ ነው። አንዳርጌ ከመስመሩ ወዲህ ቁጭ ሲል ነገሩ አልገባውም ነበር፤ አክስት አፏን እስክትከፍት ድረስ።

«እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት» አለች። ድምፁ የደሴ ሰው ድምፅ ነበር፤ ልክ የእናቱ ድምፅ። «ነይ እስቲ፣ ዳቦ ቅመሽልኝ፤ አፈር ስ...»

ትርንጎ ዳቦውን መንጭቃ ነበር። አንዱን አፏ ውስጥ፣ ሌላውን በቀሚሷ ሥር። ዓይኗን አክስት ዓይን ላይ ተክላ፣ እንደተማረችው ሳታርገበግብ አፍጥጣ አየቻት።

የአክስት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ልመናዋን ለመቀጠል ቦታ ያጣች ሰው ትመስል ነበር። ቀጥሎ ቆሎ አወጣች፤ ትርንጎ አፈሰችው። ቀጥሎ አሻንጉሊት። በእያንዳንዱ ላይ አክስት እምቢታውን ትጠብቃለች፤ በእያንዳንዱ ላይ ትርንጎ ትነጥቃለች። ከዚያም ትንሿ ልጅ ዘወር ብላ አባቷን አየችው፤ ጉንጯ በዳቦ ተወጥሮ፣ ጥሩ እንደሠራች እርግጠኛ ሆና። ፈገግ አለችለት።

አንዳርጌ መጮህ ፈለገ። ታውቀዋለች፣ ከእናንተ በላይ ታውቀዋለች፣ እኔ ነኝ ያስረሳኋት ማለት ፈለገ። ከጮኸ ምዘናው ወላጅ ያበላሸው ይባላል። ጥርሱን ነክሶ፣ የመቀመጫውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ እስኪያልቅ ተቀመጠ።

ሲወጣ ዘቢደር ከመስኮቷ ዘልላ መጣች። «ጋሼ አንዳርጌ! አዩልኝ? የእርስዎ ደብዳቤ እኮ ነው! የእርስዎንና የመሰሎችዎን ሰብስበው፣ የአገሩን ባሕል ያካተተው አዲሱ ልኬት ዛሬ ሳምንት ገባ። ሦስቴ ትለምናለች አሁን። እንዴት ሆነች ትርንጎ?»

ዘቢደር ፊቱን አየች፤ ቀጥላ የወለላን ቀሚስ ተጠግታ የተደበቀችውን ልጅና በእጇ የጨበጠችውን ቆሎ አየች። ምን እንደመከረችው ትዝ አላትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የመጀመሪያውን ምዘና እዩት» አለ አንዳርጌ። «ተቀርጿል አይደል? በአዲሱ ልኬት የመጀመሪያውን እዩት! ያኔ ልክ ነበረች እኮ!»

«የድሮው በድሮው ነው የሚያዘው ጋሼ» አለች ዘቢደር። «ወደ ኋላ አይመዘንም።»

ውጤቱ ከመምሸቱ በፊት መጣ፤ ከጠበቁትም ከፋ። ከሦስት ወር በፊት እምቢ ማለት ትችል የነበረች፣ ሰው ታፍር የነበረች ልጅ አሁን አለመቻሏ ተመዝግቧል። ይህ መዘግየት አይደለም፤ ኋልዮሽ ነው። ለኋልዮሽ የሚሰጠው አሥራ ስምንት ወር ሳይሆን ሠላሳ ነው። ከውጤቱ ሥር ሌላ መልእክት ተያይዞ ነበር፤ ልኬቱን ለማሻሻል ስላደረጉት አስተዋጽኦ ከልብ እናመሰግናለን፣ አቶ አንዳርጌ።

ወለላ አልጮኸችም፤ አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር። ልጅቷን አቅፋ ተኛች፤ በነጋታውም ወደ ሥራ አልሄደችም።

ሊወስዷት እስኪመጡ በቀሩት ሁለት ሳምንታት አንዳርጌ ምንም አላስተማራትም። የጠየቀችውን ሰጣት። ጦሳ ላይ ይዟት ወጥቶ ከመረቡ የሚንጠባጠበውን ጉም በእጇ እንድትጠጣ አደረጋት። መክሰሷን ሲሰጣት «አፈር ስሆን ብይ» እያለ ሳትግደረደር ይለምናት ጀመር፤ እሷም ግራ እየተጋባች ትበላለች። የትኛው ልክ እንደሆነ ለአባቷም አልገባውም ነበር።

የማድረሻ መኪና የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ መቀመጫዎቹ ትንንሽና ባለ ቀለም ናቸው፤ ስድስት ልጆች ተቀምጠዋል። ሞግዚቷ ወጣት ናት፤ ፊቷ ደግና የደከመ። የትርንጎን አንገትጌ ቆጣሪ ነቅላ የማድረሻውን ተካችላት።

ወለላ ተንበርክካ የልጅቷን ቀሚስ አስተካከለች፤ አቧራ የሌለበትን ቦታ ሁሉ አራገፈች። ከዚያ ልጅ ወደ ሰው ቤት ሲሄድ እናት ሁሉ የምትለውን አለቻት።

«ጨዋ ሁኚ እሺ እናቴ? ጨዋ ልጅ ሁኚ።»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ጨዋ ልጅ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ ያንን ማንም አላስረሳትም ነበር።

መኪናው ውስጥ አስቀመጧት። ሞግዚቷ ከዘንቢሉ ሙዝ አወጣችና ዘረጋችላት። «እንኪ ትርንጎ፤ መንገዱ ረጅም ነው።»

ትርንጎ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለች።

«እሺ የኔ ቆንጆ» አለች ሞግዚቷ፤ ሙዙን አጠገቧ ላለው ልጅ ሰጠችው።

«ድገሚያት!» አለ አንዳርጌ። በሩ መዘጋት ጀምሮ ነበር። «እታለም፣ ደግመሽ ጠይቂያት! በሦስተኛው ነው የምትቀበለው! ቁርስ አልበላችም!» ሞግዚቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና በአዘኔታ ፈገግ አለችለት፤ ወላጆች ሁሉ በዚያ ሰዓት አንድ ነገር ይጮኻሉ። ከመኪናው ጎን እየሮጠ መስታወቱን መታ። ትርንጎ አላየችውም። እጇ ከኋላዋ እንዳለ፣ ወደ ሞግዚቷ አንጋጣ ሁለተኛውን ትጠብቅ ነበር።

የዚያን ቀን ራት ሲደርስ፣ ወለላ ሳታስበው ሦስት ሰሐን አውጥታ አንዱን ስትመልስ፣ ዋሽንቱ ተሰማ።

«ትርንጎ አንዳርጌ በሰላም ደርሳለች። ምሳና ራት ቀርቦላታል። ከተሳፈረችበት ጊዜ ጀምሮ ስድስት ቃል ተናግራለች።»

ወለላ ሰሐኑን እንደያዘች ቆመች። «ስድስት? ስድስት ቃል ብቻ?»

አንዳርጌ ምን ምን እንዳለች መጠየቅ አላስፈለገውም። ሁለት ቃል ናት፤ ሦስት ጊዜ። ለሙዙ አንዴ፣ ለምሳው አንዴ፣ ለራቱ አንዴ። በየጊዜው አንዴ ብቻ ጠይቀው ትተዋታል።

ተነሥቶ ግድግዳው ፊት ቆመ፤ ልክ ሀያት ጉልበቷ የተላጠ ቀን እንደቆመችው።

«አፈር ስሆን» አለ። «አፈር ስሆን ብያችኋለሁ፣ ደግማችሁ ለምኗት። አንዴ ብቻ ድገሙላት፤ ርቧታል።»

«አስተያየትዎን ተቀብለናል» አለ ግድግዳው፤ «ለሚቀጥለው ማሻሻያ እንጠቀምበታለን።»